ከአልትራሳውንዱ በፊት የሌሊት አስተርጓሚ፦ የኩሌና የቴርኪዲ ዕቅዳችን

ሰብሳቢ፦ ሰላም የማኅበራችን አባላት። ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ወረዳ ውስጥ በኩሌና በቴርኪዲ መጠለያ ጣቢያዎች ላሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ እናቶች የምናቀርበው ዕቅድ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። እስካሁን የያዝነው አንድ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ መግዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል፤ ለጋሽ ለማሳመንም አይከብድም። ሐሳብ ያለው ይጻፍ። አውራ ጣት ብቻ የሚልክ እንደ ቀሪ ይቆጠራል።

አዋላጇ ከኢታንግ፦ እኔ ልቃወም። ማሽን ጠልቼ አይደለም። ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ይለፈኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ አንዲት ልጅ መጣች። የምትችለው ኑዌርኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ «ማሌ» ብዬ ሰላም ካልኩ በኋላ የማውቀው አሥር ቃል አይሞላም። አስተርጓሚው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሄዷል። አብሯት የመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቢበዛ 12 ዓመት ቢሆነው፣ ገበያ ውስጥ አማርኛ የለቃቀመ። «የእንሽርት ውሃዋ መቼ ፈሰሰ?» አልኩት። መሬት መሬት አየ። ደግሜ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንድ ነገር አጉተመተመ፣ እሷም አጠር አድርጋ መለሰችለት። «ደህና ነኝ ትላለች» አለኝ። ውሃው ከፈሰሰ ሁለት ቀን እንዳለፈው ያወቅኩት ጠዋት ሁለት ሰዓት አስተርጓሚው ሲገባ ነው። ስትመጣ ደህና የነበረው ሙቀቷ ያኔ 39 ደርሷል። ሪፈር ጽፈን ጋምቤላ ላክናት፤ እሷም ልጇም ተርፈዋል። ስድስት ሰዓት ግን ባከነ።

አባል ከጋምቤላ ከተማ፦ በዚያ ሌሊት አልትራሳውንድ ቢኖርሽ እኮ የውሃውን መጠን ታዪ ነበር።

አዋላጇ ከኢታንግ፦ ማነሱን አያለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን ማሽኑ አይነግረኝም፣ እሷ ናት የምትነግረኝ። ራስ ምታቷን፣ ዓይኗ ብዥ ማለቱን፣ ልጁ መንቀሳቀስ ያቆመው መቼ እንደሆነ፣ ሁሉንም ከአፏ ነው የምሰማው። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሌሊት አስተርጓሚ እንቅጠር።

ገንዘብ ያዥ፦ አሳምነሽኛል፣ ግን ክፍያው ላይ እንጠንቀቅ። ስደተኞቹ በመጠለያው ውስጥ ሲሠሩ የሚከፈላቸው ኢንሴንቲቭ (የማበረታቻ ክፍያ) ነው፣ መጠኑም የተወሰነ ነው። እኛ ከሌላው ድርጅት ከፍ አድርገን ከከፈልን የቀን አስተርጓሚዎቹን ነው የምንነጥቃቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር እንነጋገር። ስለ አልትራሳውንዱም እውነቱን ልናገር። ዋጋው ብቻ አይደለም። ጄል አለ፣ ሥልጠና አለ፣ ፕሮቡ (ሆድ ላይ የሚደረገው የማሽኑ ክፍል) አንዴ ከወደቀ ደግሞ ማን ይጠግነዋል?

ሲስተር (ጡረተኛዋ)፦ ልጆቼ፣ አስተርጓሚ ስትሉ ሴት ብላችሁ ጻፉ። ይህን ለነገ አትተዉት። ተደፍራ የመጣችን ሴት አስቡ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም ከአምስት ቀን አያልፍም። ከዚያ በኋላ አርግዛ ብትመጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንሱን እንድታቋርጥ ይፈቅድላታል፣ ማስረጃ አምጪ ሳትባል ቃሏ ይበቃል። ያ ቃል ግን የሚያልፈው በአስተርጓሚዋ አፍ ነው! አስተርጓሚዋ የጎረቤቷ ልጅ ከሆነች፣ ወይ የባሏ ዘመድ ከሆነች፣ ትናገራለች? አትናገርም። ለምሥጢር ጠባቂነት ማስፈረም ብቻ አይበቃም፤ ከኩሌ የሆነችውን ቴርኪዲ፣ ከቴርኪዲ የሆነችውን ኩሌ መድቡ።

አባል ከጋምቤላ ከተማ፦ ሲስተር፣ እርስዎ ያሉት ኦፕራሲዮን ላይም ይሠራል። ባልየው ደቡብ ሱዳን፣ ናስር ነው፣ ስልኩ አይነሳም፣ አማቷ «ይጠበቅ» ትላለች። ምን ሊደረግላት እንደሆነ በቋንቋዋ የሚነግራት ካለ ራሷ ትወስናለች። አሁን ግን የምትፈርመው ያልገባት ወረቀት ላይ ነው።

ሌላ አባል፦ መንገዱስ? አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ከቆመ አስተርጓሚዋ ምን ልታደርግ ነው? የባሮ ወንዝ ነገር አይታወቅም። ሌይቹር መጠለያ በ2006 ክረምት በጎርፍ ተውጦ ሰዉ ወደ ጄዊ የተዛወረውን አትርሱ።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነህ፣ ግን መንገዱን በእኛ አቅም አንችለውም። ለብቻው ይታይ፣ አንተው ጻፈው። አሁን የተስማማንበትን ላስቀምጥ። አልትራሳውንዱ ወደ ሁለተኛው ዓመት ይገፋ። በመጀመሪያው ዓመት ለሁለቱ መጠለያዎች ስምንት ስደተኛ ሴቶች፣ በፈረቃ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋት፣ መጠለያ ተቀያይረው ይሠራሉ። ሥልጠናውን ሲስተር ይምሩልን። ሕጋዊ መነሻ ከተባልን ዐዋጅ 1110/2011 አለ፤ ስደተኛ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። አንድ ሰው አንቀጹን ፈልጎ ያስገባልኝ።

ሲስተር (ጡረተኛዋ)፦ እመራለሁ፤ ማረፊያ ግን ፈልጉልኝ፣ የኢታንግ ሙቀት ለእኔ ዕድሜ አይሆንም። አኙዋክኛ የምትችል አንዷ ትኑርበት፣ ሁሉም ኑዌር አይደለም።

አዋላጇ ከኢታንግ፦ እኔ ደግሞ ፈረቃው እስኪጀመር ሃያ ጥያቄ በኑዌርኛ በስልክ አስቀርጻለሁ፣ አዎ ወይም አይደለም እየተባሉ የሚመለሱ። የቀን አስተርጓሚውን ሚስት ጠይቄያት እሺ ብላለች።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቂቁን ዛሬ ማታ እልካለሁ። የሦስት ሰው ፊርማ ቀርቷል፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።