«ጅማቷ ዝሏል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ፈትል፦ አክስቴ ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት «በደም ስር ብግነት ምክንያት የግራ እግር ጅማት ዝሏል» ይላል። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር እንኳ አይታወቃትም። «ጅማት ከሆነማ ወጌሻ አሽቶ ይመልሰዋል» ብላ ለቅዳሜ ተቀጣጥራለች። እዚህ ጋ ጅማት ምንድን ነው?

ደብተራው፦ በመጀመሪያ «ሥር» በንጉሡ ሠ ይጻፍ። ግእዙ ሥርው ነው፤ ሥርወ እሴይ እንደምንለው።

ቅኔ ፈላጊ፦ እኔን የያዘኝ «ብግነት» የሚለው ቃል ነው። በገነ ተናደደ አይደል? የደም ሥር ተናደደ ማለት እኮ ነው!

ሐመልማል፦ ምን ይገርማል? እናቶቻችንስ «ቁስሉ ተቆጣ» ይሉ የለ?

ደብተራው፦ በገናም ከዚሁ ከበገነ ነው።

ሐመልማል፦ የበገናው በገነ «ደረደረ» ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ሰው የሚያበግን በገና አላጋጠመኝም።

ደብተራው፦ ለመሆኑ ዜማ ቤት ስንት ዓመት ተቀመጥሽ?

ሐመልማል፦ ሴት መች ታስገቡና፣ ጋሼ!

የማታ ተረኛ፦ ነርስ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ጅማት ያሉት ነርቭ ለማለት ፈልገው ነው። ነርቭንም የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ፤ እነሱ ሲቆጡ ግድግዳቸው አብጦ ይጠባል፣ ነርቩ ደም ያጣል። ለዚህ ነው ዛሬ ግራ እግር፣ ሌላ ጊዜ ቀኝ እጅ የሚይዘው። አንጎል ድረስ የሚዘልቅበትም አለ፣ ያ ግን ብርቅ ነው። ጀርመኖቹ ሐኪሞች ኩስማውልና ማየር በ1866 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነቱ በሽታ ሲጽፉ ያነሱት በሽተኛ የ27 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበር፣ ጡንቻው ዝሎ። ማሸት የተዘጋ ደም ሥር አይከፍትም። ብግነት የሚያበርደው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ታዞላት ከሆነ ደግሞ ተሻለኝ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ።

ደብተራው፦ ነርቭ የፈረንጅ ቃል ነው። ሥርው ለጅማትም ለነርቭም ይሆናል። እንግዲህ ሥር ታሞ ሥርው ዛለ!

ቅኔ ፈላጊ፦ ይቺ ለቅኔ ትሆናለች። የበገና አውታርስ ከጅማት ነው?

ሐመልማል፦ ከበግ አንጀት። አሥሩም።

ደብተራው፦ የጅማትም አይቻለሁ።

ሐመልማል፦ የት?

ፈትል፦ የማታ ተረኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አክስቴን «ነርቭ ነው» ብላት «አበደች ልትል ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። ቅዳሜ ደርሷል፤ ምን ብዬ ልንገራት?

ደብተራው፦ «ሥርው» በላት። በንጉሡ ሠ።