የመዓዛማ እንጨት ኤክስትራክት ምርመራ፦ የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። ረቂቁ ደርሷችኋል። ኤክስትራክታቸው (በፈሳሽ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ንጥረ ነገራቸው) እንዲመረመር የተመረጡት ሰንደል፣ ዑድና የካምፎር እንጨት ናቸው። መጀመሪያ ፀረ ባክቴሪያ፣ ቀጥሎ የኬሚካል ይዘት፣ መጨረሻ ላይ መርዛማነት። የጎደለውን ጻፉልን።

ከመርዛማነት ምርመራ ክፍል፦ ሰብሳቢያችን፣ መርዛማነቱ ጭራ ላይ መቀመጡ አልተዋጠልኝም። ባክቴሪያ መግደልማ በረኪናም ይገድላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለክተን ምን እንላለን? ባክቴሪያውን ያቆመው መጠን የሰውን ሴል ከሚገድለው መጠን ምን ያህል ያንሳል፣ ጥያቄው ይህ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ናሙና (ከአንድ ባች) በአንድ ሳምንት ይሠሩ። ካምፎር ሲዋጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ከካምፎር ዛፍ ዘይት የሚገኘው ሳፍሮል የተባለ ውህድም በአሜሪካ ከምግብ የታገደው በ1960 ነው። ይህን እያወቅን መርዛማነቱን ለመጨረሻ ማቆየት ያስተዛዝባል።

እንስሳ ላይ ከደረስን የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 423 የመርዛማነት መፈተሻ መመሪያ ይበቃናል፦ በየደረጃው 3 እንስሳት፣ የሚሰጠው መጠን ጣሪያ በኪሎ የሰውነት ክብደት 2000 ሚሊ ግራም፣ ክትትሉ 14 ቀን። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግን ቀድሞ ይግባ።

ኬሚስት፦ በዚህ እስማማለሁ። የእኔ ጭንቀት ከዚያ በፊት ነው፣ ወፍጮው ላይ። አንድ ጊዜ ሰንደል ስናስፈጭ ክፍሉ በመዓዛ ታውዶ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ለካስ ወፍጮው ግሎ፣ ያሸተትነው ሁሉ ከናሙናው የወጣ ነው! እየተቆራረጠና እየቀዘቀዘ ይፈጭ። ጭምብልም ይታሰብበት፤ የእንጨት ብናኝ ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው። ሌላው፣ ሰው ዑድን የሚያጨሰው እንጂ በኤታኖል ዘፍዝፎ የሚጠጣው አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እኛ ብልቃጥ ውስጥ የለም። ጭስም ይካተት እላለሁ።

ከማይክሮባዮሎጂ፦ ጭሱ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው፣ እዚህ ከገባ ሁሉንም ይውጠዋል። እኔ የምለምነው ስለ ሳህኑ ነው። 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የመፈተሻ ሳህን የእንጨቱን ዘይት ባክቴሪያ ላይ ስንፈትሽ ተኑ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይሻገራል። ዘይት ያልተጨመረበት መቆጣጠሪያችን (ማነጻጸሪያው ጉድጓድ) ባክቴሪያ ሳያድግበት አግኝተን ሁለት ቀን ስንወዛገብ ከርመናል። ሳህኑ በፕላስቲክ ሽፋን ይታሸግ፣ መቆጣጠሪያው ከዘይቱ ራቅ ይበል፤ ዘይቱን የምናሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ፣ ያለ ዘይት ብቻውን ያለበት ረድፍም አይረሳ። መርዛማነቱን በአርቴሚያ (በጨው ውኃ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) እጭ ስንሞክርም መጠንቀቅ ነው፤ ዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ እጮቹ ታች ሲዋኙ «አልሞቱም» ብለን እንዳንጽፍ።

ሰብሳቢ፦ መርዛማነት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተዛውሯል። ጭስ ከዚህ ዕቅድ ይወጣል፣ ስለዚህ «የእንጨቱ መድኃኒትነት» የሚለውን ርዕስ «የኤታኖልና የውኃ ኤክስትራክት» አድርጌዋለሁ። ዑድ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የናሙናውን የፈቃድ ወረቀት ማን ይከታተል?

ኬሚስት፦ እኔ እይዘዋለሁ። ወፍጮውን ግን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።