ባለቤቴን ኢሚግሬሽን ይዞ ሉዊዚያና ወሰደው፣ "ፈርሜ ልመለስ" እያለ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ

የልጄ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ከ12 ቀን በፊት ለወትሮው የኢሚግሬሽን ቀጠሮው እንደሄደ እዚያው ያዙት። በ2023 በሜክሲኮ ድንበር ነው የገባው። ጥገኝነት ጠይቆ ፍርድ ቤት እየጠበቀ ነበር፣ የሥራ ፈቃድ አለው፣ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ምንም ወንጀል የለበትም። በሦስተኛው ቀን "ሊያነሱን ነው፣ ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም" ብሎኝ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። አሁን ሉዊዚያና ነኝ ይላል። የቦታውን ስም ግን በደንብ አልያዘውም፣ በመስኮት የሚታየኝ ጫካ ብቻ ነው አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ስፈልግ የለም ይለኛል። ያናገርኳት ጠበቃ ደግሞ መጀመሪያ ያለበትን እወቂ አለችኝ። ከሁሉ የከፋው፣ ትናንት "ሰልችቶኛል፣ ፈርሜ ልመለስ" አለኝ። ቢመለስ የሚጠብቀውን እኮ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጃችን 6 ዓመቷ ነው። ጃኬቱን አቅፋ ነው የምትተኛው። አባትሽ ሥራ ሄዷል ብያታለሁ። ከየት ልጀምር?

ዳላስ ያለሁ፦
አይዞሽ እህቴ። በስም አትፈልጊው። አንድ ፊደል ከተለየ አያወጣውም፣ የእኛን ስም ደግሞ ድንበር ላይ እንደሰሙት ነው የሚጽፉት። የወንድሜን የአባቱን ስም ትተው አያቱን ነበር ያስገቡት፣ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶብን ነበር። ኤ ነምበሩን፣ ማለትም የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥሩን ፈልጊ። የሥራ ፈቃዱ ላይ አለ፣ 9 አኃዝ ነው። ካርዱ አብሮት ከተወሰደ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ካርድ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ቤት አይጠፋም። በአይስ (የያዘው የኢሚግሬሽን ፖሊስ) የእስረኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩንና የትውልድ አገሩን ብቻ አስገቢ። በዚያው ቁጥር ወደ 1-800-898-7180 ብትደውዪ ቀጣዩን የፍርድ ቤት ቀጠሮ ማሽኑ ይነግርሻል። ሰው ሲያዛውሩ ገጹ ወዲያው አይስተካከልም፣ በማግስቱ ደግመሽ እዪው።

አትላንታ፦
ኤምባሲም ደውዪ፣ ዜጋቸው ነው።

አስተርጓሚ ነኝ፦
ኤምባሲው ይቆይ! ጥገኝነት የጠየቀው ከመንግሥት ሸሽቶ ከሆነ ጠበቃ ሳያማክር ኤምባሲ ማነጋገር ጉዳዩን ሊጎዳበት ይችላል። አሁን አስቸኳዩ ፊርማው ነው። ያልገባውን ወረቀት እንዳይፈርም ዛሬውኑ ንገሪው። "አገሬ ልመለስ" ብሎ ከፈረመ የጥገኝነት ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል፣ ከዚያ መልሶ መክፈት በጣም ከባድ ነው። ፍርድ ቤት ሲቀርብ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለው። እንግሊዝኛ ትንሽ እችላለሁ ብሎ እንዳይሸወድ፣ "አማርኛ" ይበል፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀለው ከሆነም እሱኑ ይበል። ጠበቃ ግን መንግሥት አያቆምለትም። የነፃ ጠበቆችን ዝርዝር ዳኛውን ይጠይቅ። ስለ ቦንድ፣ ማለትም ከእስር ለመለቀቅ ስለሚያዝ የዋስትና ገንዘብ፦ በሕጉ ትንሹ 1,500 ዶላር ነው፣ ነገር ግን ከ2025 ክረምት ጀምሮ ሳይፈተሽ በድንበር ለገባ ሰው ቦንድ አይፈቀድም የሚል የመንግሥት አቋም መጥቷል። በዚህ ላይ የፌዴራል ዳኞች የተለያየ ውሳኔ ነው የሰጡት። ስለዚህ ጠበቃዋን "ሄቢየስ ኮርፐስ (እስሩ ሕገወጥ ነው ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ) ይሆናል ወይ?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ የታክስ ወረቀት፣ የልጅሽን የልደት ሰርተፍኬት፣ ከቤተክርስቲያን ደብዳቤ ከአሁኑ ሰብስቢ። "እኔ አስወጣዋለሁ" እያለ ብር የሚጠይቅ ደላላ ይመጣብሻል፣ እንዳትሰጪ።

ጆርጂያ 7 ወር የቆየሁ፦
እህቴ፣ እሱ "ሰልችቶኛል" ሲል እንዳትቆጪው። እኔም ሁለቴ ልፈርም ነበር። እዚያ ሰው የሚሰበረው በዱላ አይደለም፣ ቀኑን ባለማወቅ ነው። እስረኛ እንኳ መውጫውን ይቆጥራል፣ እኛ የምንቆጥረው አልነበረንም። ማታ መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ካልሲ ዓይኔ ላይ አስሬ ነበር የምተኛው። ቆጠራ ሲሉ ተነስተህ ትቆማለህ። ቀን ምንጣፍ ስጠርግ እውል ነበር፣ ለቀኑ 1 ዶላር፣ እሱን ለስልክ አጠራቅማለሁ። ቤት ስደውል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ "መቼ ትወጣለህ?" ነበር። መልስ የለኝማ! ከዚያ መደወል እየፈራሁ መጣሁ። በኋላ ባለቤቴ ገባት መሰለኝ፣ መጠየቁን ትታ የቀኑን ወሬ ታወራኝ ጀመር፣ ሽሮው እንዳረረ፣ ጎረቤት ምን እንዳለች። ያ ነው ያቆየኝ። ጾመኛ ከሆነ የጾም ምግብ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ለቄሱ ነው የሚሰጠው፣ እኔ ሳልጠይቅ ዳቦ ብቻ ስበላ 11 ኪሎ ቀነስኩ። ካልተኛ ወይም ከታመመም እንደዚሁ በጽሑፍ፣ ቅጂውንም ይያዝ። የስልክና የኮሚሰሪ (የእስር ቤቱ ሱቅ) ሂሳቡ ላይ ትንሽ ብር አስገቢለት። ለልጅሽ ግን እውነቱን በልኳ ንገሪያት። የእኔ ልጅ "ሥራ ነው" ተብሎ፣ አባቴ ሥራውን ከእኔ ይበልጥ ይወዳል ብሎ አኩርፎኝ ነበር የጠበቀኝ።

የልጄ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሮጌው ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ቁጥሩን ሳስገባ ወዲያው ወጣ፣ ስሙን ከአያቱ ስም ጋር አጣብቀው ነው የጻፉት። ቦታውን ለጠበቃዋ ልኬያለሁ፣ ሰኞ ልታናግረው ነው። ማታ ደወለ። እንዳትፈርም አልኩት፣ ዝም አለ። መቼ ትወጣለህ አላልኩትም። ልጅህ ዛሬ ጥርሷ ወለቀ አልኩት። "ጣሪያ ላይ ወረወራችሁት?" አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ አፓርትመንት ነው ያለነው፣ የምን ጣሪያ። በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ አንተ ትወረውርላታለህ አልኩት። "እሺ፣ ሰኞ ጠበቃዋን ላናግራት" አለኝ።