ለብስክሌት ጉዞ የሚሆን ቀላል የመኝታ ዕቃ፦ የቱን ላስቀድም?

የማለዳ ፔዳል፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር አራት ሌሊት የፈጀ የብስክሌት ጉዞ አድርጌ ነበር። ብስክሌቱም እግሬም ደህና ነበሩ፤ ያስቸገረኝ እንቅልፍ ነው። ስሊፒንግ ባጌ (ገብቼ የምተኛበት ከረጢት) ሰው ሠራሽ ሙሊት ያለው ሲሆን 1.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ከረጢቱ ላይም በትልቁ «5 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። በሁለተኛው ሌሊት ግን ቴርሞሜትሬ 7 ዲግሪ እያሳየ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በብርድ ነቃሁ። የገረመኝ፣ የቀዘቀዘው ደረቴ ሳይሆን መሬቱን የተጫነው ዳሌዬና ትከሻዬ መሆኑ ነው፤ በሌላው ጎኔ ስተኛም ወዲያው ያ ጎን በተራው ይቀዘቅዛል። ከሥሬ የነበረው ለስፖርት የሚነጠፍ ቀጭን ስፖንጅ ነው።

አሁን ድንኳኑን፣ ስሊፒንግ ባጉንና ፍራሹን በድምሩ ከ2.5 ኪሎ በታች ለማድረስ አስቤያለሁ። ብስክሌቴ የኋላ መጫኛ ስለሌለው ሁሉም ነገር በመሪው ላይ በሚታሰረው ቦርሳና ከኮርቻው ኋላ በሚንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወደ ታች በታጠፈው መሪዬ ሁለት ክንዶች መካከል ያለው ክፍተትም 38 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መለወጥ አልችልም። የላባ ስሊፒንግ ባግ ገዝቼ ልጀምር ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

ሁለት ጎማ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጻፉት ምልክት በጣም ግልጽ ስለሆነ ስሊፒንግ ባጉን ከመለወጥዎ በፊት ፍራሹን እንዲለውጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ከሥርዎ ያለው ሙሊት በሰውነትዎ ክብደት ሲደፈጠጥ በውስጡ ይዞት የነበረው አየር ይወጣል፤ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ ያ አየር እንጂ ጨርቁ አይደለም። ስለዚህ የቱንም ያህል ውድ የሆነ የላባ ስሊፒንግ ባግ ቢገዙ፣ በዚያ ቀጭን ስፖንጅ ላይ ከተኙ መሬቱ ሙቀትዎን መሳቡን አይተውም።

ፍራሽ ሲመርጡ የሚያዩት ቁጥር «አር-ቫልዩ» ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍራሹ ሙቀት ወደ መሬት እንዳይሸሽ ይበልጥ ይከላከላል። ቀደም ሲል አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ይለኩት ስለነበር የአንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር፤ በ2018 ኤኤስቲኤም ኤፍ3340 የተባለው የጋራ መለኪያ ከወጣ በኋላ ግን ማወዳደር ተችሏል። እንቁላል መያዣ የሚመስለው የሚታጠፍ ስፖንጅ 2 አካባቢ ሲሆን ክብደቱም 400 ግራም ገደማ ነው። በአየር የሚነፉት ቀላል ፍራሾች ደግሞ በተቀራራቢ ክብደት 4 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ሁለት ፍራሽ ቢደራርቡ ቁጥራቸው ይደመራል። በገለጹት ዓይነት ቅዝቃዜ እኔ ከ3 በታች አልተኛም።

ስለ «5 ዲግሪ» ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አይኤስኦ 23537 በተባለው መስፈርት መሠረት የሚለካ ስሊፒንግ ባግ አንድ ሳይሆን በርካታ ቁጥሮች አሉት። የምቾት ቁጥሩ ሰው ዘና ብሎ መተኛት የሚችልበት ነው፤ የወሰን ቁጥሩ ኩርምት ብሎ ብርድን እየተቋቋመ የሚያድርበት ነው፤ ሦስተኛው ለሕይወት አስጊ የሆነውን ቅዝቃዜ የሚያመለክት በመሆኑ ለመግዣ መነሻ ሊሆን አይገባም። በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ወሰኑ ነው። ከዚህም ሌላ መለኪያው የሚካሄደው ረጅም የውስጥ ልብስ በለበሰና ሙቀት በሚይዝ ፍራሽ ላይ በተጋደመ አሻንጉሊት ሰው ነው፤ ቁጥሩ ጥሩ ፍራሽ እንዳለዎት አስቀድሞ ይገምታል ማለት ነው። እባክዎ ውስጥ የተሰፋውን ትንሿን መለያ ያንብቧት።

ቀላል ጭነት፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብስክሌት ላይ ከክብደት ይልቅ የሚያስጨንቀው የዕቃው ግዝፈት ነው። ሁለት መቶ ግራም ቢጨምር ዳገት ላይ ትንሽ ይሰማዎት ይሆናል፤ ቦርሳው ውስጥ አልገባም ያለ ስሊፒንግ ባግ ግን ጉዞውን ራሱን ያስቀራል። ላባ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዝይ ወይም ከዳክዬ ደረት የሚገኘው ለስላሳ ላባ ተጨምቆ እፍኝ ያክላል፤ ሲለቁት ደግሞ መልሶ ያብጣል። የላባ ጥራት ቁጥር፣ ለምሳሌ 800፣ አንድ አውንስ ወይም 28 ግራም ያህል ላባ ተነፍቶ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደሚሞላ ይናገራል፤ 800 ማለት ወደ 13 ሊትር ነው። ሻጮች ይህን ቁጥር ብቻ ሲያጎሉ እንዳይሸወዱ፣ በውስጡ ስንት ግራም ላባ እንዳለ ይጠይቁ። 200 ግራም ምርጥ ላባ ያለው ከረጢት፣ 400 ግራም መካከለኛ ላባ ካለው ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት ወዲህ የምጠቀመው ኩዊልት የሚባለውን ሥር የሌለው የጉዞ ብርድ ልብስ ነው። ከሥር የሚደፈጠጠው ሙሊት ጥቅሙ ትንሽ ስለሆነ እሱን ቆርጦ ማስቀረት ነው ሐሳቡ፤ የእኔው 650 ግራም ይመዝናል። በሌሊት ብዙ ለሚገላበጥ ሰው ግን ከጎን ነፋስ ያስገባል። ጠፍሮቹን ከፍራሹ ጋር ሳላስር የተኛሁባቸው የመጀመሪያ ሌሊቶች ወገቤ ላይ እንደ ቢላ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር ነበር። እርስዎ በጎንዎ የሚተኙና የሚገለበጡ ከሆነ ሰፋ ያለውን ይምረጡ፤ አለዚያም በተለመደው ስሊፒንግ ባግ ይቆዩ።

ዳገትና ቁልቁለት፦

ወንድሞችና እህቶች፣ ላባው ሲወደስ እርጥበት ሊረሳ አይገባም። እርጥብ ላባ ተጣብቆ ስለሚተኛ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ በጉዞ ላይ ማድረቁም እጅግ አዳጋች ነው። ዝናብ ብቻ አይደለም ጠላቱ። ጠባብ በሆነ የአንድ ሰው ድንኳን ውስጥ ትንፋሻችን ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ የስሊፒንግ ባጉ እግርጌም እሱን እየነካ ሲበሰብስ ያድራል። እኔ ዝናብ መከላከያ ጃኬቴን እግርጌው ላይ አለብሰዋለሁ፤ የድንኳኑን የላይ መተንፈሻም ብርድ ቢሆንም አልዘጋም። ከኮርቻው ኋላ ያለው ቦርሳ የኋላ ጎማው የሚረጨውን ውኃና ጭቃ ስለሚቀበል ስሊፒንግ ባጉ ውኃ በማያስገባ ሌላ ከረጢት ውስጥ ሳይገባ እዚያ መቀመጥ የለበትም።

በአየር ስለሚነፋ ፍራሽም የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በአንድ ጉዞ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ፍራሼ ተነፈሰ። በየሁለት ሰዓቱ እየነፋሁ አነጋሁ። ጠዋት ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በእጄ ላዩ ላይ ስቀባው፣ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ መርፌ ከምታክል ቀዳዳ ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መጠገኛውን ሳልይዝ አልወጣም፤ ከፍራሹ ሥርም ቀጭን ስፖንጅ አነጥፋለሁ። ስለዚህ ጠያቂው ያቺን የስፖርት ምንጣፍ አይጣሏት፤ በልኳ ቆርጠው ከሥር ያድርጓት። በአፍ መንፋትም ትንፋሽ ውስጡን ስለሚያረጥብ ከፍራሹ ጋር የሚመጣውን መንፊያ ከረጢት መጠቀም ይሻላል።

የማለዳ ፔዳል፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለያውን ዛሬ አነበብኩ፤ 5 የተባለው በእርግጥም ወሰኑ ነው፣ ምቾቱ 9 ነው። ስለዚህ ፍራሹን አስቀድማለሁ፤ አር-ቫልዩው 4 አካባቢ የሆነውንና 450 ግራም የሚመዝነውን አንድ ሞዴል ለይቻለሁ። እኔ በጎኔ የምተኛና የምገላበጥ ሰው ስለሆንኩ ኩዊልቱን ትቼ፣ ለከርሞ ምቾቱ 3 ዲግሪ የሆነ የላባ ስሊፒንግ ባግ እገዛለሁ። የቀረኝ ድንኳኑ ነው፤ ዘንጎቹ ሲታጠፉ 45 ሳንቲሜትር ስለሚረዝሙ በመሪዬ ክንዶች መካከል አይገቡም።

ሁለት ጎማ፦

ዘንጎቹን ከጨርቁ ለይተው በብስክሌቱ የላይኛው ብረት ሥር በሁለት ጠፍር አስረው ይያዟቸው፤ ጨርቁ ብቻውን ተጠቅልሎ መሪው ላይ በቀላሉ ይገባል። አዲስ ድንኳን የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በእግረኛ ምርኩዝ የሚቆሙትን አይምረጡ፤ ብስክሌተኛ ምርኩዝ ስለማይዝ ለብቻው ዘንግ መግዛት ይኖርብዎታል። ፍራሹ እንደደረሰ ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት ከቤት ውጭ ይተኙበትና ዳሌዎ እንዴት እንዳደረ ይጻፉልን።