እማዬን የማህፀን በር ምርመራ እንዴት ላሳምናት?

የሐይቋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 46 ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ሐይቅ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጥታ "የማህፀን በር ካንሰር ልየታ" የሚል ወረቀት ሰጥታት ሄደች። ወረቀቱ እስካሁን ረከቦቱ ስር ታጥፎ ተቀምጧል። እሷ ማንበብ አትችልም፣ አባዬ አነበበላት፣ "ልየታ" የምትለዋ ግን ሁለቱንም አልገባቻቸውም። እኔ ከደሴ ስደውል "ሳያመኝ በሽታ ፍለጋ ልሂድ? ደግሞ ነቀርሳ ከያዘኝ ለናንተም አጋባባችኋለሁ" ትለኛለች። ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ያስቸገረው ቃሉ ነው። ነቀርሳ ሲባል እናቶቻችን ቶሎ ትዝ የሚላቸው የሳንባው ነው፣ ቲቢ። እሱ በሳል ይተላለፋል፣ ካንሰር ግን አይተላለፍም። የማህፀን በር ካንሰር መነሻው ኤችፒቪ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም ለዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል፣ ከቆየ ግን ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ አያምም። ስለዚህ "ልየታ" የተባለውን ካንሰር ፍለጋ ነው አትበያት፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚታይ ለውጥ ነው የሚፈለገው። የማህፀን በሩ ላይ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ በጥጥ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ነጭ ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ማከም ይቻላል። መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው። አገራችን ላይ ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ስለሆነ አታዘግዪባት።

የባቲ ልጅ፦
በነርሷ ሐሳብ ልጨምር። አክስቴ ሄዳ ተመረመረች፣ "ፖዘቲቭ ነው" (ለውጥ ታይቷል ለማለት) ብለው ብቻ ላኳት (የት እንደሆነ ይቅር)። እኛ ዘንድ ፖዘቲቭ ማለት ኤችአይቪ ነው በቃ። ሦስት ወር ለማንም ሳትተነፍስ ቡና ሲፈላ ሲኒዋን ለይታ ትጠጣ ነበር፤ እኛ ደግሞ ኩርፊያ መስሎን! ስለዚህ አብረሻት ሂጂ። ከወጣች በኋላ "ምን አሉሽ?" ብለሽ በራሷ አፍ አስነግሪያት፣ ከተምታታባት እዚያው ተመልሳችሁ ጠይቁ።

የሐይቋ፦
አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ሄጄ ጎረቤታችንን ቡና ጠራኋት፣ እሷ አምና ተመርምራለች። እማዬ ሁለተኛው ላይ ዝም ብላ ሰማች፣ በረካው ላይ "የምታየኝ ሴት ናት ወንድ?" ብላ ጠየቀች።

ነርስ ነኝ ከኮምቦልቻ፦
በይ ይኼው ተስማማች ማለት ነው! ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ ማለት መብቷ ነው። ማን እንደምትሠራ ቀድመሽ ጠይቂ፣ የወር አበባ ላይ ከሆነችም እስኪያልፍ ጠብቁ።

የሐይቋ፦
ጠየቅኩ፣ ሴት ናት። አባዬ ግን በር ላይ ይጠብቀኝ ብላለች።