ደሴት ላይ ሥራ ላገኘሽው እህቴ

ሰላም ለሁላችሁ። የደብረ ሲናዋ እህታችን ስኮትላንድ፣ ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ሥራ አግኝታ «ባሕር መሃል ብቻዬን እንዳልቀር ፈራሁ» ያለችውን አነበብኩ። እኔ እዚያ ስኖር አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሁን ግን ለእረፍት መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት ነኝ። ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እናቴ ሱፍ እየፈተለች በየመሃሉ «ምን አልካት?» ትለኛለች።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔን ሥራውን ያገናኘኝ ሰው «ከከተማ ትንሽ ወጣ ይላል» ብቻ ነበር ያለኝ። ስደርስ ባሕሩ በአራቱም በኩል ነበር። ስለዚህ ስለ ደሞዙ ሳታወሪ በፊት ይህን ጠይቂ፤ ሥራው የትኛው ደሴት ላይ ነው? አውሮፕላንስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?

ኦርክኒ አንድ ደሴት አይደለም። ትልቋ ላይ ከርክዎል የምትባል ከተማ አለች። ሆስፒታሉም ሱፐርማርኬቱም እዚያ ነው። ሥራሽ እዚያ ከሆነ ብዙ አትቸገሪም። ከዚያ ወደ ሰሜን ግን ኢዴይ፣ ስትሮንሴይ፣ ሳንዴይ፣ ዌስትሬይ፣ ፓፓ ዌስትሬይና ኖርዝ ሮናልድሴይ አሉ። እነዚህን ከከርክዎል ጋር በአየር የሚያገናኛቸው ሎጋንኤር ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቋመ፤ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል መብረር የጀመረው በ1967 ነው።

አውሮፕላኗ አይላንደር ትባላለች። ሁለት ሞተር አላት። ስምንት መንገደኛ ብትጭን ነው። መሃል ላይ መተላለፊያ የላትም፤ በጎን በር ገብተሽ እዚያው ትቀመጫለሽ። ክብደት ታይቶ ነው ቦታ የሚሰጥሽ። አንዳንዴ ከአብራሪው ጎን ይደርስሻል፣ ልክ እንደ ሚኒባስ ጋቢና። መጀመሪያ ቀን እጄን ጭኔ ላይ አጣብቄ፣ ምንም እንዳልነካ ተጠንቅቄ ነው የበረርኩት።

ከዌስትሬይ ፓፓ ዌስትሬይ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ እሱ ነው። የተመደበለት 2 ደቂቃ ነው፤ ነፋሱ ሲመች በ53 ሴኮንድ የተበረረበት ጊዜም አለ። ለእናቴ ይህን ስነግራት እንዝርቷን አቆመች። «እንጀራው ዓይን ሳያወጣ?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ አክንባሎው ሳይነሳ።

ሰው ለቱሪስት የተዘጋጀ ጨዋታ ይመስለዋል። አይደለም። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ከርክዎል ተቀምጦ የሚማረው ልጅ የሚመላለሱት በዚህች አውሮፕላን ነው። በስምንት መንገደኛ ትኬት ብቻ ወጪዋን ልትሸፍን አትችልም። ስለዚህ የኦርክኒ ምክር ቤት ይደጉማታል። ይህ በጣም ያስደስተኛል። ፓፓ ዌስትሬይ ላይ መቶ የማይሞላ ሰው ነው ያለው፤ ግን «ጥቂት ናችሁና ተዉት» አልተባሉም። መንዝ ውስጥ ታማሚ በቃሬዛ ይዞ መኪና መንገድ የፈለገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኔ ሁለት ዓመት የሠራሁት ኖርዝ ሮናልድሴይ ነው፣ የመጨረሻዋ ሰሜን ላይ። እዚያ በጎቹ የባሕር አረም ይበላሉ! በ1832 የተሠራ የድንጋይ ካብ ደሴቷን ይዞራል፣ በጎቹ ከካቡ ውጭ ባሕሩ ዳር ይውላሉ። ውሃው ሲሸሽ ወርደው እርጥቡን አረም ሲያኝኩ በመጀመሪያው ሳምንት አየሁ። ካቡን ሳየው የኛን ሰፈር አስታወሰኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። የምንከባከባቸው አዛውንት በግ አርቢ ነበሩ። ስለ መንዝ በግ ስነግራቸው ስለ ፀጉሩ እየደጋገሙ ይጠይቁኝ ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። የጣርማበርን ጭጋግ ታውቂያለሽ፤ መኪና መብራት አብርቶ በዳዴ የሚሄድበትን። የኦርክኒም ከባሕር ተነስቶ እንደዚያው ይመጣል። ያኔ አውሮፕላን የለም። ጀልባውም ቢሆን ወደ ኖርዝ ሮናልድሴይ በየቀኑ አይመጣም። አንዴ አዛውንቱ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ቦርሳቸውን አዘጋጅቼ፣ ካፖርታቸውን አልብሼ ጠበቅን። ጭጋጉ ሁለት ቀን አልገለጠም። እኔ ስንቆራጠጥ እሳቸው ካፖርታቸውን አውልቀው «ሻይ አፍላ» አሉኝ። ጎረቤት ሾርባ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰማን፣ ሄድን። ከዚያ ወዲህ መድኃኒትና ዱቄት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ሳልይዝ አልቀመጥም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ ስትይዢም አስቢበት፤ በትልቁ አውሮፕላን ያለፈ ሻንጣ ለትንሿ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኗሪ ስትሆኚ ወደ ዋናው ስኮትላንድ ስትበሪ የትኬቱ መነሻ ዋጋ በግማሽ የሚቀነስበት ዕቅድ አለ። እኔ ሳላውቅ ዓመት ሙሉ ሙሉውን ከፍያለሁ። እንደደረስሽ ተመዝገቢ። ያኔ ለፋሲካ ኤዲንብራ ወርዶ ከሐበሻ ጋር ማስቀደስ ያን ያህል አይከብድም።

እናቴ ሁለት ልቃቂት ሱፍ ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ለአዛውንቱ ባለቤት ነው፣ እሳቸውም ይፈትላሉ። የምመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የትኛው ደሴት እንደሆነ እስከዚያ ጻፊልኝ፤ ከርክዎል አውሮፕላን ማረፊያ መጥቼ እቀበልሻለሁ።