የግቢው ጠረጴዛ ፕሮፖዛል፦ እስከ እሁድ አስተያየት ስጡበት

ቤት 6 (ጸሐፊ)፦ ይኸው ረቂቁ። ርዝመት 180 ሳንቲም፣ ስፋት 80፣ ከፍታ 75፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ 150 በ20 የሆነ የአትክልት ሳጥን፣ ጥልቀቱም 20። እንጨቱ ጥድ። ከመዋጮው የተረፈው ብር ነው የሚወጣበት፣ እሁድ ኮሚቴው ስለሚያየው ከዛ በፊት ያላችሁን በሉ። ስዕሉንና የጣውላውን ዝርዝር ቤት 9 ያመጣል።

ቤት 9፦ አዎ እስከ ረቡዕ አደርሳለሁ። ሜትሩም መጋዙም እኔ ጋ ነው።

ቤት 2፦ የድሮው አግዳሚያችን በሁለት ክረምት ለምን እንደበሰበሰ ሁላችሁም አይታችኋል። እግሩን አፈር ውስጥ ቀበሩት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከሁሉ በላይ በተቆረጠው ጫፉ ነው፣ ከታች መጦ ወደ ላይ ያወጣዋል። አሁን እግሩ ድንጋይ ወይ ኮንክሪት ላይ ይቁም፣ ጫፎቹም ሳይገጣጠሙ በፊት ዘይት ይጠጡ። ሌላው፣ ከ80 ስፋት ላይ ለሳጥኑ 20 ስትቀንሱ በየወገኑ የሚቀረው 30 ሳንቲም ነው። ሰሃን አስቀምጣችሁ ክንዳችሁን የት ልታሳርፉ ነው? ወይ ወደ 100 አስፉት ወይ ሳጥኑን አጥብቡት። ይሄን መልሱልኝ።

ቤት 14፦ እኔ ሳጥኑ መሃል መሆኑ ላይ አልስማማም። ቅጠል መሃል ከገባ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው አላየውም። ለመጫወት ነው የምንቀመጠው።

ቤት 6፦ አጭር ተክል ይሆናላ

ቤት 14፦ ስንት ነው አጭር? ተክል እኮ ያድጋል።

ቤት 3፦ በቁጥር እንነጋገር። ወንበሩ 45 ሳንቲም ነው፣ የተቀመጠ አዋቂ አይኑ ከወንበሩ በላይ 75 አካባቢ ላይ ነው፣ ድምሩ 120። ጠረጴዛው 75 ስለሆነ የሳጥኑ አፍ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ከሆነ 40 ሳንቲም የደረሰ ተክል እንኳን አይን አይጋርድም። 30 ላይ እየተከረከመ ከተያዘ ጣጣ የለውም።

ቤት 14፦ አዋቂ ስትል የራስህን ቁመት ይዘህ ነው። እናቴ ስትቀመጥ ትከሻዋ ነው ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ የሚለው። ልጆቹስ?

ቤት 3፦ የማንንም ቁመት አልነካሁም። ቁጥር ነው የጻፍኩት።

ቤት 14፦ የውሃ ታንከሩም ጊዜ እንዲሁ ቁጥር ደርድረህ አይደል ያስወሰንከው፣ ከዛ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል

ቤት 3፦ ታንከሩን እዚህ ምን አመጣው!! ያኔ ቁጥሬን ማን ተከተለ? ግማሹን ቀንሳችሁ ገዛችሁ!

ቤት 8፦ ኧረ በናታችሁ። ጦስኝ እንትከል፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚሰራጨው፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም፣ ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ይሸታል። ናና ግን አይሁን፣ ሥሩ ከስር እየሮጠ ሳጥኑን ሙሉ ይወርሰዋል።

ቤት 5፦ ጦስኝ ሲያብብ ንብ ይጠራል። የኔን ልጅ ንብ ሲነድፋት ምን እንደምትሆን ባለፈው አመት አይታችኋል፣ ለሊት ነው ሆስፒታል የሮጥነው። ንብ የሚመጣበት ነገር የሰው ፊት ስር አይተከልም። ጨርሻለሁ።

ቤት 8፦ አበባው ሳይፈነዳ ይከረከማላ እትዬ

ቤት 5፦ ማን ነው የሚከረክመው? ስሙን ጻፊልኝ።

ቤት 13፦ ጤና አዳምስ?

ቤት 3፦ ጤና አዳም እንዳታስቡት። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ተነክቶ ጸሀይ ሲያገኘው ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላል፣ ደግሞ ወዲያው ስላልሆነ ማግስቱን ነው የሚታየው። ክንዱን ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ አጠገብ አይሆንም።

ቤት 14፦ አያችሁ መሃል መሆኑ ነው ችግሩ። ብዬ ነበር።

ቤት 11፦ ስለ ቅጠል ሶስት ቀን ከምታወሩ እንጨቱን ስሙኝ። ከድሮው አጥር የተነቀለ አረንጓዴ ቀለም ያለው ወፍራም ጣውላ አለኝ፣ በመድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ምስጥ አይበላውም፣ በነጻ እሰጣለሁ። ጥድ ከመግዛት ያድነናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥልን። እንጨቱ ከወጪው ላይ ከወጣ ብዙ ነገር ይቀላል።

ቤት 2፦ አይሆንም። አረንጓዴ ሆኖ የቆየ የተነከረ እንጨት ብዙ ጊዜ ክሮም፣ መዳብና አርሴኒክ የገባበት ነው። አርሴኒክ መርዝ ነው፣ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚሆን እንጨት በዚህ መንከር የቀረው በ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ነው፣ ከዛ በፊት የተሰራ ደግሞ እስካሁን በየቦታው አለ። በላዩ የሚበላበትና ውስጡ የሚተከልበት ነገር በዛ አይሰራም። ስትጥለውም እንዳታቃጥለው፣ ጭሱና አመዱ የባሰ ነው።

ቤት 11፦ ለማገዝ ብዬ ነው ያመጣሁት መርዝ አላመጣሁም። ከዚህ በኋላ ምንም አላመጣም።

ቤት 6፦ ጋሼ እኮ አንተን አይደለም፣ እንጨቱን ነው

ቤት 2፦ አዎ ልጄ፣ እጅህን እግዜር ይባርከው። ግን አይሆንም።

ቤት 8፦ እሺ ሳጥኑን ከመሃል አንስተን ሁለቱ ጫፍ ላይ እናድርገው። 14ም ሰው ያያል፣ እትዬም ከንቡ ትርቃለች።

ቤት 14፦ ይሄ ይሻላል።

ቤት 3፦ ክብደቱን አስባችኋል? 150 በ20 በ20 ማለት 60 ሊትር ነው። እርጥብ አፈር በሊትር ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ ከነሳጥኑ 80 ኪሎ አካባቢ ነው። መሃል ሲሆን እግሮቹ ይካፈሉታል። ከእግሩ አልፎ ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ ግን ጣውላው ይጎብጣል፣ ብሎኑም ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ጫፍ ላይ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ መሬት የሚደርስ እግር ሆኖ ጠረጴዛውን ይሸከም።

ቤት 2፦ ልክ ነው። ከአንድም ጊዜ በላይ ሰርቼዋለሁ። ደግሞ አፈሩ እንጨቱን ባይነካው ይሻላል፣ ውስጡ ተነስቶ የሚወጣ የፕላስቲክ ገንዳ ይግባ። ከስር ጠጠር እንዳታደርጉ፣ ሰው ሁሉ ያፈሳል ይላል እንጂ ውሃው ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ እላዩ ላይ ይቆማል፣ ሥሩም እዛው ይበሰብሳል። በየ15 ሳንቲሙ በትራፓኖ ቀዳዳ ብሱ፣ እላዩ ላይ መረብ ብቻ ጣል አድርጉ። የጠረጴዛው ጣውላ መሃል ደግሞ 5 ሚሊ ክፍተት ይኑር፣ እንጨት በስፋቱ ነው የሚያብጠውና የሚኮማተረው፣ ገጥማችሁ ካስጠበቃችሁት ይሰነጠቃል። ቪቴው የማይዝግ ይሁን፣ ተራውን ከተጠቀማችሁ ጥዱ ላይ ጥቁር እንባ ያወርዳል። 80 ወይስ 100 የሚለውን ግን አሁንም ማንም አልመለሰልኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ የማይዝግ ቪቴ፣ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ጥድ፣ ዘይት። ሁሉም ይህን ሲጽፍ እኔ ነኝ የምደምረው። የቀረው መዋጮ ይህን ሁሉ አይችልም፣ ቀድሜ እየነገርኳችሁ ነው።

ቤት 12፦ ለምን ከጠረጴዛው ጋር ይጣበቃል ግን? ጠረጴዛው ብቻውን ይሁን፣ ሳጥኖቹ ግድግዳው ስር ለየብቻ ይቀመጡ። ሲበሰብስ ሳጥኑን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ቤት 13፦ የትኛው ግድግዳ? የኛ በኩል ጸሀይ አለው።

ቤት 5፦ የእናንተ በኩል የመኪና ጭስ ነው። የኛ በር አጠገብ ይሁን፣ ውሃውም ቅርብ ነው፣ አበባ የማያወጣ ተክል ከሆነ እኔው አጠጣለሁ።

ቤት 12፦ እኔም በራችን አጠገብ አንድ ባገኝ ደስ ይለኛል እውነቱን ለመናገር። መግቢያው ባዶ ነው።

ቤት 8፦ ቆይ ይሄ እኮ የጋራ ጠረጴዛ ነበር። በየበሩ የግል መደብ አይደለም። ለመቀመጫ ነው የተነሳነው፣ ማታ ማታ ሰው ቆሞ ነው የሚያወራው።

ቤት 5፦ ማንም የግል አላለም። አጠጣለሁ ነው ያልኩት። ያጠጣሁት ነገር ደግሞ የኔ በር ቢሆን ምን ይጎዳል?

ቤት 14፦ ልክ ናት። ባለፈው የጋራ ያልነውን አበባ ማን አጠጣው? ማንም። ደርቆ ሞተ።

ቤት 3፦ እኔ አጠጥቼዋለሁ። ሁለት ወር በየማታው በባልዲ አጠጥቼዋለሁ። አላያችሁትም እንጂ።

ቤት 14፦ አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ። የታንከሩንም ማንሳት አልነበረብኝም።

ቤት 3፦ እሺ ይሁን።

ቤት 6 (ጸሐፊ)፦ እሺ ያልተቃወማችሁትን እየጻፍኩ ነው። ጠረጴዛው 180 በ80፣ ሳጥን የለውም፣ እንጨቱ ብሩ የፈቀደው ይሁን። አራት ሳጥን ለየብቻ፣ በቤት 5፣ 12 እና 13 በር አጠገብ፣ አራተኛው ዋናው መግቢያ ላይ። ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ ሳጥኖቹ ይቅደሙ፣ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

ቤት 2፦ ከሳጥኖቹ በፊት ጠረጴዛው ነበር። 80 ያላችሁትም ያን ጊዜ ሳጥኑ መሃል ነው ተብሎ ነው፣ እሱ ከወጣማ አሁን በየወገኑ 40 አላችሁ፣ ይበቃል፣ 100ውን ተውት። ግን ጠረጴዛውን ወደ ኋላ አትግፉት። እኔ ከስራው ላይ የምቆመው ለጠረጴዛው ነው፣ ለአራት ሳጥን አልመጣም።

ቤት 8፦ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ጠረጴዛው ይቀድማል ካሉ ሳጥኑን ወደ ሁለት አውርዱልኝ። ከሁለት በላይ አልፈርምም።

ቤት 13፦ ሁለቱ የማን በር ላይ ነው የሚቀሩት?

ቤት 5፦ ማጠጣቱን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት 12፦ እኔም አጠጣለሁ እኮ

ቤት 6 (ጸሐፊ)፦ ይሄን ወንበር ስለሌለን ቆመን እሁድ እንጨርሰዋለን። ቤት 9 ረቡዕ አልፏል፣ ስዕሉ የታለ? መልስ።

ቤት 11፦ ስልኩ አይነሳም። ሜትሩና መጋዙም እሱ ጋ ነው ያለው።